ትልልቆቹ ምን እንደገዙ የሚነግረን አፕ፦ ሁለት አመት ከፍዬ ያየሁት

ትልልቆቹ የገዙትን የሚያሳየው አፕ ይጠቅማል ወይ ብላችሁ ሰሞኑን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልፃፈው። ትልልቅ ኢንቨስተሮች፣ ማለትም ሄጅ ፈንዶች (የሀብታሞችንና የተቋማትን ገንዘብ የሚያገላብጡ የግል ፈንዶች)፣ የጡረታ ፈንዶች፣ ኢንሹራንሶች፣ የዩኒቨርሲቲ ፈንዶች ምናምን፣ የትኛውን አክሲዮን እንደገዙና እንደሸጡ እየተከታተለ ስልክ ላይ የሚልክ አፕ አለ፣ በየአመቱ ይከፈልበታል፣ እኔ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት አመት ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው)። ስሙን አልጠራም፣ የዚህ አይነት አፖች ብዙ ናቸው፣ መረጃውን የሚቀዱትም ሁሉም ከአንድ ምንጭ ስለሆነ የምለው ነገር ለአብዛኞቹ ይሆናል።

ከጥሩው ልጀምር። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ የፈንድ ስም ስትፅፉ ያለውን አክሲዮን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሮ ያመጣላችኋል፣ ካለፈው ሩብ አመት ምን ያህል እንደጨመረ ወይ እንደቀነሰ በአረንጓዴና በቀይ ያሳያል፣ የኩባንያ ስም ስትፅፉ ደግሞ ባለድርሻዎቹን ያወጣል። ፍጥነቱም አይታማም፣ ሪፖርት በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ኖቲፊኬሽኑ ስልኬ ላይ ነው። የሰራው ሰው እጁ የተባረከ ነው።

ችግሩ አፑ እሸጥላችኋለሁ የሚለውና ውስጡ ያለው ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። ማስታወቂያው "ትልልቆቹ ሲገዙ አብራችሁ ግዙ" ነው የሚለው፣ እኔም የገባሁት ይሄን አምኜ ነው። እነዚህ ተቋማት እኮ ተንታኝ ቀጥረው፣ የኩባንያ ኃላፊዎችን በአካል አግኝተው፣ ዳታ ገዝተው ነው የሚወስኑት፣ የገበያውን አብዛኛውን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱትም እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ዱካቸውን መከተል የሚያዋጣ ይመስላል። ሀሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም። ዱካው መቼ የተረገጠ እንደሆነ ካላወቃችሁ ነው ጉዱ።

መረጃው የሚመጣው ፎርም 13ኤፍ ከሚባል ሪፖርት ነው። አሜሪካ በ1975 ባወጣችው ህግ መሰረት 100 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ አክሲዮን የሚያስተዳድር ተቋም፣ የሩብ አመቱ መጨረሻ ቀን ላይ በእጁ የነበረውን ዝርዝር ለገበያው ተቆጣጣሪ ለኤስኢሲ ማስገባት አለበት፣ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ 45 ቀን ነው። ስለዚህ ሪፖርቶቹ በአመት አራቴ ይጎርፋሉ፣ ፌብሩዋሪ፣ ሜይ፣ ኦገስትና ኖቬምበር አጋማሽ ላይ። ብዙዎቹ የመጨረሻዋን ቀን ጠብቀው ነው የሚያስገቡት፣ እጃቸውን ቀድመው ማሳየት የሚጠቅማቸው ነገር የለም። (በ2020 ኤስኢሲ ራሱ ወሰኑን ከ100 ሚሊዮን ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ከፍ ላድርገው ብሎ ሀሳብ አቅርቦ ነበር፣ ያ ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ ፈንዶች ከዝርዝሩ ይወጡ ነበር፣ ተቃውሞ ስለበዛ ቀረ፣ እንኳንም ቀረ።)

አሁን ሂሳቡን አብራችሁኝ ስሩ። አንድ ፈንድ ጃንዋሪ 3 ላይ አክሲዮን ገዛ እንበል። ሪፖርቱ የሚያሳየው ማርች 31 ላይ በእጁ መኖሩን ብቻ ነው፣ በስንት እንደገዛው፣ በየትኛው ቀን እንደገዛው የለም። እኛ የምናየው ሜይ 15 ነው። አራት ወር ከምናምን ያለፈው ግዢ "አዲስ" ተብሎ ነው የሚመጣልን። ያው ፈንድ ኤፕሪል 1 ጠዋት ሁሉንም ሸጦት ከሆነ ደግሞ መሸጡን የምናውቀው ኦገስት 14 ነው። ማለት፣ ሜይ 15 ላይ ኖቲፊኬሽን አይተን ስንገዛ ሰውየው ከወጣ ወር ተኩል ሊሆነው ይችላል፣ እኛ ግን ሌላ ሶስት ወር አብሮን ያለ ይመስለናል።

ይሄ በወሬ የሰማሁት አይደለም፣ ራሴ ላይ ደርሷል። ሜይ 2023 ላይ ስራውን በጣም የማከብረው አንድ ፈንድ የአንድ መካከለኛ ኩባንያ አክሲዮን "አዲስ ግዢ" ብሎ በአረንጓዴ መጣልኝ፣ የፖርትፎሊዮው አምስተኛ ትልቁ ነበር፣ በማግስቱ ገበያ ሲከፈት ገዛሁ። ሰኔና ሀምሌን ዋጋው ሲወርድ "እነሱ ይዘዋል እኮ" እያልኩ ያዝኩ፣ አንዴ እንደውም ጨመርኩበት። ኦገስት ላይ ያው ስልክ፣ ያው ድምፅ፣ "ሙሉ በሙሉ ሸጧል" አለኝ በቀይ። አንድ አምስተኛ የሚሆነው ገንዘቤ ሄዶ ነበር። የከነከነኝ ኪሳራው ብቻ አይደለም፣ ሁለት ወር ሙሉ የራሴን ጥርጣሬ ዝም ያሰኘሁት በሌለ ሰው ተማምኜ መሆኑ ነው። አፑ ላይ ደግሞ ዝርዝሩ የተነሳው የዛሬ 45 ቀን ነው የሚል አንድ መስመር ፅሁፍ ከስሙ ጎን አልነበረም፣ ቀኑን ለማግኘት ሶስት ጊዜ ወደ ውስጥ መግባት ነበረባችሁ።

ሁለተኛው ነገር ዝርዝሩ ግማሽ ምስል መሆኑ ነው። 13ኤፍ ላይ የሚወጣው አሜሪካ ገበያ ላይ የሚሸጡ አክሲዮኖችና ኢቲኤፎች (እንደ አክሲዮን የሚገበያዩ ፈንዶች)፣ በእነሱ ላይ የተገዙ ኦፕሽኖች (በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይ የመሸጥ መብት የሚሰጡ ውሎች)ና አንዳንድ ወደ አክሲዮን የሚቀየሩ ቦንዶች ናቸው። ሾርት (አክሲዮን ተበድሮ ሸጦ ዋጋው ሲወርድ መልሶ መግዛት) የለም፣ ጥሬ ገንዘብ የለም፣ መደበኛው ቦንድ የለም፣ ሌላ ሀገር ገበያ ላይ ብቻ ያለ አክሲዮን የለም። አንድ ሄጅ ፈንድ የአንዱን ኩባንያ ገዝቶ የተፎካካሪውን ተበድሮ ሸጦ ሊሆን ይችላል፣ ጨዋታው በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ነው፣ እናንተ ግን የምታዩት የተገዛውን ብቻ ነው። ያንን ብቻ ነጥላችሁ ስትገዙ እሱ የያዘውን አይደለም የያዛችሁት፣ ሌላ ነገር ነው።

የኦፕሽኑ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ኦገስት 2023 ላይ የ2008ቱን የቤት ብድር ቀውስ ቀድሞ በማየት የታወቀው ማይክል በሪ ገበያው ይወድቃል ብሎ 1.6 ቢሊዮን ዶላር አስያዘ የሚል ወሬ በየቦታው ናኘ፣ የኔም አፕ በትልቁ ለጠፈው። እውነታው ምንድነው፣ ፎርሙ ኦፕሽንን የሚያስሞላው በተከፈለበት ዋጋ አይደለም፣ ከስር ባለው አክሲዮን ሙሉ ዋጋ ነው። መቶ ፑት (ዋጋ ሲወድቅ የሚያተርፍ ኦፕሽን) ውል፣ እያንዳንዱ በ100 አክሲዮን ላይ፣ አክሲዮኑ 50 ዶላር ከሆነ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው 500,000 ዶላር ነው፣ የተከፈለው ግን የዚያ ትንሽ ክፍልፋይ ሊሆን ይችላል። የበሪም የከፈለው ከ1.6 ቢሊዮን እጅግ ያነሰ ነው። ኖቬምበር ላይ ቀጣዩ ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ እነዛ ፑቶች ዝርዝሩ ላይ አልነበሩም። በመሀል ስንት ሰው ደንግጦ እንደሸጠ አስቡት። ለደንበኛው የሚያስብ አፕ ቢሆን "ይሄ የተከፈለ ገንዘብ አይደለም" የሚል ማስታወሻ ከቁጥሩ ስር ማድረግ አያቅተውም ነበር።

ከዚያ በፊት ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ አፑን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራጠርኩት ያኔ ነው። አንድ ጠዋት ስከፍተው የማውቀው ፈንድ ይዞታ በአንድ ሩብ አመት 99,900 ፐርሰንት ጨመረ ይላል። አንድ አክሲዮን ብቻ ቢሆን አይገርመኝም ነበር፣ ከላይ እስከ ታች ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ዋናውን ፎርም ፈልጌ ከፈትኩ። ለካ እስከዛ ድረስ ዋጋው የሚሞላው በሺ ዶላር ነበር፣ ሶስት ዜሮ ተቆርጦ፣ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ግን በሙሉ ዶላር ይሞላ ተባለ፣ አፑ ደግሞ በድሮው ለምዶ በሺ አባዛው። ስህተት የሌለበት ስራ የለም፣ እሱን አይደለም የምወቅሰው፣ ፅፌላቸው እስኪያስተካክሉት ሁለት ሳምንት መፍጀቱና በዛ ሁለት ሳምንት ውስጥ "የሳምንቱ ትልቅ ግዢዎች" ብለው በዚሁ ቁጥር ኢሜይል መላካቸው ነው ያናደደኝ።

ሌላው "ገዛ" የሚለው ቃል ነው። አፑ ለሁሉም አንድ አይነት ነው የሚለው፣ "እገሌ ገዛ"። ግን እኮ ተቋማዊ ኢንቨስተር የሚባለው አንድ አይነት ሰው አይደለም። የሰውን ገንዘብ ሰብስበው የሚያስተዳድሩት ቫንጋርድ ወይ ብላክሮክ የአንድን ኩባንያ አክሲዮን ጨመረ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያውን ማንም ወዶት አይደለም፣ ሰዎች ኢንዴክስ ፈንዳቸው (የተወሰነ የአክሲዮን ዝርዝርን እንዳለ የሚገዛ ፈንድ) ውስጥ ገንዘብ ስላስገቡ ነው። ቴስላ በዲሴምበር 2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የትልልቅ አሜሪካ ኩባንያዎች ኢንዴክስ ውስጥ ሲገባ ኢንዴክስ ፈንዶቹ በአስር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ገዙ፣ ተወደደም ረከሰም ግዴታቸው ነው፣ ህጋቸው ኢንዴክሱን መምሰል ነው። ሲታደል ሴኩሪቲስና ጄን ስትሪት የመሳሰሉት ደግሞ ገበያ አቅራቢዎች ናቸው፣ ገዢም ሻጭም ሲመጣ ዋጋ እየሰጡ የሚያስተናግዱ፣ ዝርዝራቸው በሺዎች በሚቆጠር መስመር ካል (ዋጋ ሲወጣ የሚያተርፍ ኦፕሽን)ና ፑት የተሞላ ነው፣ ከዛ ውስጥ አንዱን መዞ "ትልቁ አሳ ገባበት" ማለት ምንም ትርጉም የለውም። የጡረታ ፈንድ ደግሞ ለ30 አመት ነው የሚያስበው፣ የሸጠው ምናልባት አክሲዮን ድርሻው ከተቀመጠለት መጠን ስላለፈ ብቻ ነው።

የባንክ ስም ስታዩም ቆም በሉ። ማርች 2021 ላይ የፈረሰውን አርኬጎስን፣ የቢል ህዋንግን የግል ኢንቨስትመንት ድርጅት፣ ታስታውሱ ይሆናል። የሚዲያ ኩባንያውን ቫያኮምሲቢኤስን ጨምሮ በጥቂት ኩባንያዎች ላይ ግዙፍ ይዞታ ነበረው፣ ግን አክሲዮኑን በራሱ ስም አልገዛም፣ ከባንኮች ጋር ስዋፕ የሚባል ውል ተዋውሎ ዋጋው ሲወጣ ትርፉን ሲወርድ ኪሳራውን እሱ ይወስድ ነበር። አክሲዮኑን መከላከያ እንዲሆናቸው የያዙት ባንኮቹ ስለሆኑ ሪፖርት ላይ የሚታየው የባንኮቹ ስም ነው። አንዱ ባንክ እንኳን ሌላው ጋ ምን ያህል እንዳለው በደንብ አያውቅም ነበር። ሲፈርስ ክሬዲት ስዊስ ብቻውን 5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከሰረ። ያኔ አንድ ሰው "እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ባንኮች ቫያኮም እየገዙ ነው" ብሎ ተከትሎ ገብቶ ቢሆን የገባው ባንክ ተከትሎ አይደለም፣ አንድ በብድር የተለጠጠ ሰው ተከትሎ ነው።

ጭራሽ የማይታይም አለ። ኤስኢሲ ሲፈቅድ አንድ ተቋም ገና እየገዛው ያለውን አክሲዮን ለጊዜው ከሪፖርቱ ሊያስቀር ይችላል። የታዋቂው ኢንቨስተር የዋረን በፌት ኩባንያ በርክሻየር በ2023 ሁለተኛ አጋማሽ እንዲህ አድርጎ በድብቅ ሲገዛ ቆይቶ ሜይ 2024 ላይ ቸብ የሚባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ መሆኑ ታወቀ፣ ወደ 26 ሚሊዮን አክሲዮን፣ 6.7 ቢሊዮን ዶላር። ከዛ በፊት የትኛውም አፕ ሊያሳየን አይችልም ነበር፣ ይፋ በሆነ ሰአት ደግሞ ዋጋው ወዲያው ዘለለ። ማየት በጀመርንበት ቅፅበት ርካሹ ጊዜ አልፎ ነበር።

ታዲያ ምንም አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል፣ በጣም፣ እኔ አሁንም በየሩብ አመቱ አያለሁ፣ አጠቃቀሜ ነው የተለወጠው። አክሲዮን ከመግዛቴ በፊት አብሮኝ ማን ባለቤት እንደሆነ ነው የማየው። በተለይ ትንንሽ ኩባንያ ላይ። አንድ ጊዜ ልገዛው ያሰብኩት ኩባንያ ነበር፣ አንድ ፈንድ ብቻውን 8 ሚሊዮን አክሲዮን ይዟል፣ በቀን የሚገበያየው ግን በአማካይ 400,000 ነው። ዋጋውን ላለመስበር ከቀኑ ግብይት አንድ አስረኛውን ብቻ ልሽጥ ቢል በቀን 40,000 ነው፣ ስለዚህ ለመውጣት 200 የግብይት ቀን ይፈጅበታል፣ አስር ወር ማለት ነው። ደንበኞቹ ገንዘባችንን መልስ ካሉት ግን አስር ወር የለውም፣ በተገኘው ዋጋ ነው የሚሸጠው። ኩባንያው ምንም ሳያጠፋ ዋጋው ይወድቃል። ይሄን ሳይ የምገዛውን በግማሽ ቀነስኩ። አፑ ላይ ይሄን የሚያሰላ ቦታ የለም፣ ቁጥሮቹ ግን አሉ፣ በካልኩሌተር ሁለት ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ አንዳንዴ አፑ ተቋማት የያዙት 107 ፐርሰንት ምናምን ይላል፣ ስህተት መስሎኝ ነበር፣ አክሲዮን ለሾርት ሲበደር አበዳሪውም አዲሱ ገዢም ስለሚቆጥሩት ነው የሚደረበው፣ በ2021 መጀመሪያ ጌምስቶፕ የሚባለው የቪዲዮ ጌም መሸጫ ኩባንያ አክሲዮን ላይ የታየው አይነት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ ሾርቱ ብዙ መሆኑን ጠርጥሩ።

ሌላው ድምፅ ነው፣ ለኔ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። እነዚህ ተቋማት አክሲዮን መያዝ ብቻ አይደለም፣ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ቦርድ ይመርጣሉ፣ የኃላፊዎችን ክፍያ ያፀድቃሉ ወይ ይጥላሉ። ሜይ 2021 ላይ ኢንጅን ነምበር ዋን የሚባል ትንሽዬ ፈንድ ከነዳጅ ኩባንያው ከኤክሶን አክሲዮን 0.02 ፐርሰንት ብቻ ይዞ ሶስት የቦርድ ወንበር አሸነፈ፣ ያሸነፈው በገንዘቡ አይደለም፣ ብላክሮክ፣ ቫንጋርድና ስቴት ስትሪት ለእጩዎቹ ድምፅ ስለሰጡ ነው። ያ ድምፅ ያለው አክሲዮን የማን ገንዘብ ነው ብላችሁ ስትጠይቁ የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የሾፌሩ ጡረታ ነው። ስለዚህ ማን ስንት ያዘ ከሚለው እኩል ምን ብሎ መረጠ የሚለው ሊያሳስበን ይገባል። የኖርዌይ መንግስት የነዳጅ ፈንድ እዚህ ላይ የሚመሰገን ነው፣ በአለም ላይ ከተመዘገቡ አክሲዮኖች በአማካይ 1.5 ፐርሰንት ገደማ የያዘ ነው፣ ዝርዝሩን ራሱ ያወጣል፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ጉባኤው ሊደረግ አምስት ቀን ሲቀረው ምን ብሎ እንደሚመርጥ ያሳውቃል፣ የቦርዱን ሀሳብ ሲቃወም ደግሞ ምክንያቱን ይጨምራል። እኔ የከፈልኩበት አፕ ላይ ስለ ድምፅ አንዲት መስመር የለችም። ይሄ ነው ዋናው ቅሬታዬ፣ ሰው እንደ ባለቤት እንዲያስብ የሚያደርገውን ነገር ትቶ እንደ ተከታይ እንዲሮጥ የሚያደርገውን ብቻ ነው ያስቀመጠው።

አሁን የምጠቀመው ሪፖርቶቹ የሚቀመጡበትን የኤስኢሲን ድረገፅ ኤድጋርን ነው፣ ነፃ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ አፖቹም የሚቀዱት ከዚሁ ነው። መልኩ ያረጀ ነው፣ መጀመሪያ ስትገቡ ግራ ያጋባል፣ ግን አንዴ ከለመዳችሁት ትወዱታላችሁ። የተቋሙን ስም ፃፉ፣ 13ኤፍ-ኤችአር የሚለውን ምረጡ፣ ከዛ ኢንፎርሜሽን ቴብል የሚለውን ክፈቱ። የኩባንያው ስም፣ ዘጠኝ ፊደልና ቁጥር ያለው መለያው፣ ዋጋው፣ የአክሲዮኑ ብዛት፣ ፑት ወይም ካል ከሆነ እሱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሶስት አምድ ስለ ድምፅ አለ፣ ብቻውን የሚሰጠው፣ ከሌላ ጋር የሚሰጠውና ጭራሽ የማይሰጠው። የመጨረሻው አምድ ላይ ትልቅ ቁጥር ካያችሁ አክሲዮኑን ያስተዳድረዋል እንጂ በጉባኤ ድምፅ የሚሰጥበት እሱ አይደለም፣ ይሄን አፑ ላይ አላየሁትም። 13ኤፍ-ኤንቲ የሚል ካጋጠማችሁ አትደንግጡ፣ ይዞታው በሌላ ተቋም ሪፖርት ውስጥ ነው ማለት ነው፣ አፑ ይሄንን አንዴ "ሁሉንም ሸጠ" ብሎ ልኮልኛል። ድምፅ እንዴት እንደሰጡ ለማየት ኤን-ፒኤክስ የሚለውን ፈልጉ፣ እስከ ኦገስት 31 ነው የሚገባው። አንድ ሰው ከ5 ፐርሰንት በላይ ይዞ ኩባንያውን ሊነቀንቅ ካሰበ ደግሞ 13ዲ ነው የሚያስገባው፣ እሱ ድሮ በ10 ቀን ነበር ከ2024 ጀምሮ በ5 የስራ ቀን ሆኗል፣ ከ13ኤፍ በጣም የተሻለ ትኩስ መረጃ ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ አፑን ከ5 ላይ 2 ነው የምሰጠው፣ ሁለቱም ለዲዛይኑና ባለድርሻ ለሚደረድርበት ገፅ ነው። በስራችሁ ምክንያት በቀን ሀምሳ ኩባንያ የምታዩ ከሆነ ጊዜ ይቆጥብላችኋልና ክፈሉ። አምስት አስር አክሲዮን ይዛችሁ ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡ ከሆነ ግን አያስፈልጋችሁም። የኔ ክፍያ በ2024 መጨረሻ አለቀ፣ አላደስኩም። ኤድጋርን 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ስልክ ላይ ሰንጠረዡ እየተቆረጠ ስለሚያስቸግር ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት።